የሮቦት ቀዶ ሕክምና ለሽንት በሽታዎች ያለው ጥቅምና ዋጋ

መኪና ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ዋጋውን ከመክፈሉ አስቀድሞ መኪናው ምን እንደሚሠራ ይጠይቃል። ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ የሚያስብም ሰው ይህንኑ መጠየቅ ይገባዋል።

የቀዶ ሕክምና ሮቦት በራሱ አያክምም። ሐኪሙ ከበሽተኛው ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ጐልቶ የሚታየውን ምስል እየተመለከተ፣ በጠባብ ቀዳዳዎች የገቡትን ቀጫጭን መሣሪያዎች በእጁና በእግሩ ይመራል። «ዳ ቪንቺ» የተባለው መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በወንዶች ፊኛ ሥር የሚገኘውን ፕሮስቴት የተባለ ዕጢ ለማውጣት እንዲያገለግል ፈቃድ አገኘ። መሣሪያዎቹ ከተወሰነ አገልግሎት በኋላ ስለሚለወጡ ዋጋው ከፍ ይላል።

በአውስትራሊያ በፕሮስቴት ካንሰር በታመሙ 326 ወንዶች ላይ ተደርጎ በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በሮቦት የታከሙት ጥቂት ደም እንደ ፈሰሳቸውና ፈጥነው ከሆስፒታል እንደ ወጡ ገለጸ። ሽንትን በመቆጣጠር ረገድ ግን ከ12 ሳምንት በኋላ በተለመደው ቀዶ ሕክምና ከታከሙት ጋር ተመሳሳይ ሆነዋል።

በዕድሜ ምክንያት የሚመጣው ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ማበጥ አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ወይም በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ይታከማል፤ ሮቦት አያሻውም።

ስለዚህ በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሾኔ የሚነግድ ሰው ሽንቱ ቢቀጥንበት፣ ሌሊት ቢያመላልሰው ወይም ደም ቢያይበት፣ አስቀድሞ በሆሳዕና በሚገኘው በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይመርመር። ሽንቱ ፈጽሞ ቢዘጋ ግን ኩላሊቱ እንዳይጐዳ በዚያው ሰዓት ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይድረስ። የበሽታውን ስም ሳያውቁ ሱቅ ሸጦ መጓዝ ናሙናውን ሳያዩ ዕቃ እንደ ማዘዝ ነው።