አዋጁ በማን ክንድ ይለካል?

ዛሬ የምናነበው ቃል «አዋጅ» የሚለው ነው።

ዱሮ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ገበያተኛው ጸጥ ይላል፤ አዋጅ ነጋሪውም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሕግ የሚወጣው በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ነው። የነጋሪቱ ስም ቀረ እንጂ ድምፁ የለም። እንግዲህ ማንበብ የማይችል ሰው ብዙ ጊዜ ሕጉን የሚያውቀው ከተያዘ በኋላ ነው ማለት ነው።

እስቲ መርካቶን ተመልከቱ። ከምናለሽ ተራ እስከ አንዋር መስጊድ፣ ከሸማ ተራ እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ይውላል። እዚህ መሐል ፈንጂ ቢፈነዳ የሚደርሰውን ጥፋት መናገር አያሻም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ሰው ሞቷል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። የጸጥታ ሕግ ዓላማ እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ማክሸፍ፣ አድራጊውንም መቅጣት ነው። ይህን የሚጠላ የለም። ጥያቄው፣ ሕጉ የሚይዘው ቦምብ ወርዋሪውን ብቻ ነው ወይስ ተናጋሪውንም? የሚል ነው።

አዋጅ ቁጥር 1/1967 «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን ዓላማ መቃወምን፣ አድማንና ያለ ፈቃድ ሰልፍ መውጣትን ከለከለ። ሐሳብ ወንጀል ሆነ ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊታሰብ የሚችል ጽሑፍ ያወጣ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ለምርመራም ተጠርጣሪን እስከ 4 ወር ማቆየት ፈቀደ።

ይህን ለጎልማሶች ክፍል ስናነብ፣ ጨርቅ ነጋዴ የሆኑ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ አቡጀዲ በክንድ ሲለካ ገዢው ‹በማን ክንድ?› ይላል። ‹ያበረታታል› የሚለውስ የሚለካው በማን ክንድ ነው?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም።

መልሱን መርካቶ አይታዋለች። በ2004 ዓ.ም. «መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ» ያሉ ሙስሊሞች ዓርብ ዓርብ በአንዋር መስጊድ ድምፃቸውን አሰሙ። መፍትሔ እንዲያፈላልጉ የተወከሉት የኮሚቴ አባላት በዚሁ አዋጅ ተከሰው በ2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ኋላም ተፈቱ። ግን ያለፈውን የእስር ዘመን ማን ይመልሰዋል?

በ2012 ዓ.ም. ይህ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። አዲሱ አዋጅ በሕግ የታወቀ መብትን ተጠቅሞ ሰልፍ መውጣትና መሰብሰብ፣ ከሙያ ጋር የተያያዘ የሥራ ማቆም አድማም፣ የሕዝብ አገልግሎትን ቢያደናቅፉ እንኳ ሽብር እንዳይባሉ ለይቶ ጽፏል። ክንዱ አጠረ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ቃል በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን አያድንም፤ አንብቦ «ይህ ተጽፏል» የሚል ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ትምህርታችን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ያነበባችሁ ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ነጋሪቱ ዛሬ እናንተ ናችሁ።

ደህና ሰንብቱ።