ክረምትና የግቢ ጨዋታ

በብዙ አገሮች የልጆች ረጅም የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውለው ፀሐይ በሚበረታበት የዓመቱ ክፍል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ግን ዕረፍቱ ከከባዱ ዝናብ ጋር ይገጥማል። ትምህርት ቤቶች በሰኔ መጨረሻ ተዘግተው በመስከረም እስኪከፈቱ ድረስ የሚውሉት ሐምሌና ነሐሴ፣ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ የሚጠጋውን የምታገኝባቸው ወራት ናቸው። በዚህም ምክንያት ከውጭ በሚመጡ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ለዕረፍት ጊዜ የሚመከሩት የባሕር ዳርቻ አሸዋና የመዋኛ ገንዳ ጨዋታዎች ለአዲስ አበባ፣ ለደሴ ወይም ለደብረ ማርቆስ ሕፃን ብዙም አይፈይዱትም፤ ወላጅም ሰማዩን አየት አድርጎ በሩን ይዘጋና ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ይሁን እንጂ ክረምት የውጭ ጨዋታ ጠላት ተደርጎ መቆጠሩ ስሕተት ነው። አፈሩ የሚቦካው፣ ውኃው የሚፈሰው፣ ዘሩ የሚበቅለው፣ ትላትሉና ነፍሳቱ ከጉድጓዳቸው የሚወጡት በዚሁ ወቅት በመሆኑ፣ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መጫወቻ እንደ ክረምት የሚበዛበት ጊዜ የለም።

ወላጆችን በይበልጥ የሚያሳስባቸው ‹ብርድ ይመታዋል› የሚለው ሥጋት ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም ባይባልም ቦታውን የሳተ ነው፤ ጉንፋንን የሚያመጡት ቫይረሶች በመሆናቸው፣ በር ተዘግቶ፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተፋፍጎ፣ የከሰል ወይም የማገዶ ጭስ ታፍኖ በሚዋልበት ቤት ውስጥ ያለ ሕፃን ግቢ ውስጥ ከሚሮጠው ይልቅ ለሕመም የተጋለጠ ነው። ከፀሐይ መራቅም ሌላ ጣጣ አለው። የሰው ቆዳ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ቫይታሚን ዲ የተባለውን፣ አጥንት ካልሲየም እንዲይዝ የሚረዳውን ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ይህ ሲጓደል የሕፃናት አጥንት እየለሰለሰ የሚጣመምበት ሪኬትስ የተባለ በሽታ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ሲኖርባቸው፣ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። ሕፃኑን ከሳንባ ምች ለማዳን ሲባል ከፀሐይ መደበቅ የታሰበውን ውጤት እንደማያመጣ ከዚህ መረዳት አያስቸግርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በእንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ልብ የሚያስመታና ትንፋሽ የሚያፈጥን እንዲሆን፣ በስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ሦስት ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የክረምት ዝናብ በአመዛኙ ከሰዓት በኋላ የሚወርድ በመሆኑ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ብዙውን ቀን ብልጭ የምትል ፀሐይ አትጠፋም።

ከክረምት መጫወቻዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ስፍራ የሚይዘው ጭቃ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ጭቃን መጨበጥና መጣል ብቻ ይበቃዋል፤ አራት ዓመት የሞላው ግን ላም፣ ድስት፣ ምጣድና ሰው እየሠራ፣ በቅጠል ወጥ ‹እየሠራ›፣ በጠጠር ቡና ‹እያፈላ› ዕቃ ዕቃ ይጫወታል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ይህን ምሳሌያዊ ጨዋታ ብሎ የሚጠራው ሲሆን፣ አንዱ ነገር ሌላውን ወክሎ የሚቆምበት፣ ማለትም ጠጠሩ ቡና፣ ቅጠሉ ጎመን የሚሆንበት፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጎላ የአስተሳሰብ ደረጃ ነው። ፊደል ድምፅን፣ አኃዝ ብዛትን ወክሎ እንደሚቆም ኋላ በትምህርት ቤት የሚረዳው ሕፃን፣ የውክልናን ነገር አስቀድሞ የሚለማመደው በዚሁ ጨዋታ ነው።

ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጆች ደግሞ ጭቃው ወደ ሙከራ ሊያድግ ይችላል። ከአንድ አፈር ሁለት ጡብ ይሠራል፤ አንደኛው ከጭቃ ብቻ፣ ሁለተኛው ጭድ ከተደባለቀበት ጭቃ ይሆንና ሁለቱም ዝናብ በማይነካው ታዛ ሥር ለጥቂት ቀናት እንዲደርቁ ይተዋሉ። ሸክላማ አፈር ውኃው ሲወጣለት ስለሚኮማተር ጭድ የሌለበት ጡብ በብዛት ሲሰነጣጠቅ፣ ጭድ ያለበት ግን ክሮቹ አፈሩን ይዘው ስለሚያቆዩት ስንጥቁ ያንሳል። የጭቃ ቤት የሚመርጉ ሰዎች ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው ለቀናት እንዲቦካ የሚተዉበት ምክንያት ከፊሉ ይኸው ነው፤ ሕፃኑ በሁለት ትንንሽ ጡቦች ያየውን በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ሊያገኘው ይችላል። የአፈሩ ዓይነትም ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እጅና ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም በሰፊው ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ግን ቢጨበጥም ቅርጽ አይዝም። ከግቢው ሁለት ወይም ሦስት ማዕዘን የመጣ አፈር ጎን ለጎን ተቦክቶ የትኛው ኳስ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደሚፈርስ ሲፈተሽ አንድ ረፋድ ሙሉ ሊያልቅ ይችላል።

ውኃ ከጭቃ ቀጥሎ ይመጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግቢ ውስጥ የሚቀረውን ትንሽ ጅረት በድንጋይና በጭቃ መገደብ፣ ግድቡ ሲጣስ መጠገን፣ የቅጠል ወይም የወረቀት ጀልባ መልቀቅ ማንም ሳያስተምራቸው ልጆች የሚያውቁት ጨዋታ ነው። ግድብ የሚለውን ቃል የአገሪቱ ሕፃናት ከአዋቂዎች አፍ ሲሰሙ ያደጉት ስለሆነ ማብራሪያም አያሻውም። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ሜዳ ላይ ቢቀመጥ የዝናብ መለኪያ ይሆናል፤ በጣሳው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በማስመሪያ ሲለካ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ወርዷል ማለት ነው። እንግዲህ ጣሳው 10 ሚሊ ሜትር ካሳየ፣ ወርዱ 5 ሜትር ቁመቱ 6 ሜትር በሆነ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 300 ሊትር፣ ይኸውም 15 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ወርዷል። የጄሪካን ክብደት ለሚያውቅ ልጅ ይህ ቁጥር ባዶ ቁጥር አይደለም። ውኃን ከሰፊ ሳሕን ወደ ቀጭን ጠርሙስ መገልበጥም ተራ ይመስላል እንጂ የታወቀው የፒያዤ ሙከራ መነሻ ነው፤ ሰባት ዓመት ያልሞላቸው አብዛኞቹ ልጆች ውኃው በቀጭኑ ዕቃ ውስጥ ከፍ ብሎ ስለሚታያቸው ‹በዛ› ይላሉ። ማረም አያስፈልግም፤ ደጋግመው ሲገለብጡ በራሳቸው ጊዜ ይደርሱበታል።

ዘር መዝራትን በተመለከተ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት በዘሩ ምርጫ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ትዕግሥት አጭር በመሆኑ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ዘርቶ ሁለት ሳምንት እንዲጠብቅ ማድረግ ጨዋታውን መግደል ነው። በየጓዳው የማይጠፋው ፌጦ ግን እርጥብ አፈር ወይም እርጥብ ጨርቅ ላይ ተበትኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበቅል ከሁሉም ይመረጣል፤ ባቄላና በቆሎ ተከትለው ሊመጡ ይችላሉ።

ሕይወት ያላቸውን ነገሮች መመልከትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከዝናብ በኋላ የምድር ትል ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀንድ አውጣ ግድግዳ ላይ ይታያል፣ ጉንዳን ቤቱን ይጠግናል። ‹እንደ አሸን ፈላ› የሚለውን አነጋገር አዋቂ ሁሉ ቢናገረውም አሸኑን ራሱን ያስተዋለው ጥቂቱ ነው፤ አሸን ዝናብ ሲጥል ከመሬት እየፈላ የሚወጣ፣ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ሲሆን፣ ጥንድ ለማግኘትና አዲስ መንደር ለመቆርቆር ጥቂት በርሮ ክንፉን ያራግፋል። የረገፉትን ክንፎች መልቀም ለሕፃን በቂ ሥራ ነው። በረዶ የዘነበ ቀን ደግሞ ትልቋን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቆ ማየት ይቻላል፤ ውስጧ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ያለበት በደመና ውስጥ ሳለች ውኃ ደጋግሞ በላይዋ ላይ ስለረጋባት ነው።

የሩጫና የዝላይ ጨዋታዎች በሰፊው የታወቁ ስለሆኑ ብዙ አያናግሩም። ሰኞ ማክሰኞ በእርጥብ መሬት ላይ በእንጨት ጫፍ ይሠመራል፤ በአንድ እግር መዝለል የማይችል የሦስት ዓመት ሕፃን በሁለት እግሩ ቢዘል ሕጉ አይፈርስም። አኩኩሉ፣ አባሮሽ፣ ገመድ ዝላይና የካልሲ ኳስ ከጥቂት ክንድ ስፋት በላይ አይጠይቁም። ገበጣ ግን ልዩ መጠቀስ ይገባዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ ጨዋታው መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ጠጠር እያዞሩ የሚጫወቱት ነውና የክረምት መሬት ለመቆፈር ምቹ ነው። ሕፃናት የማሸነፊያውን ሕግ ባያውቁም ጠጠሮችን ለየጉድጓዱ አንድ አንድ እያደሉ መዞራቸው ብቻ ቆጠራን ያለማምዳቸዋል። ሁለት ሕፃናት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው አንዱ ሌላውን ሳያይ ቢጫወት ወላጅ ሊከፋው አይገባም፤ የአሜሪካዋ ተመራማሪ ሚልድረድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 የጎን ለጎን ጨዋታ ብላ የሰየመችው፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ዕድሜ የተለመደ፣ ከትብብር ጨዋታ የሚቀድም ደረጃ ነው። ‹አብራችሁ ተጫወቱ› ብሎ ማስገደድ ጠብ ከመፍጠር በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር የሚታይ አንድ የአገሩ ልዩ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመገኘቷ፣ በሐምሌ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ የተተከለ እንጨት ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ጥላው ቀን በቀን እያጠረ ሄዶ ነሐሴ 24 አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ይዞራል። በጥላው ጫፍ ላይ በየሳምንቱ ጠጠር የሚያስቀምጥ የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ያለ አስተማሪ ያየዋል።

ጥንቃቄው ግን የዋዛ አይደለም። ሕፃን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ ሊሰምጥ ስለሚችል የውኃ በርሜል መከደን፣ ለግንባታ ተቆፍሮ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ መታጠር አለበት፤ ትንንሽ ልጆች በውኃ ሲጫወቱም አዋቂ ክንዱ የሚደርስበት ርቀት ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። የነጎድጓድ ድምፅ ከተሰማ ልጆች ወደ ቤት መግባት፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባቸዋል፤ ዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። አፈር የወስፋትና የሌሎች ጥገኛ ትላትል እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይነካም፤ መጸዳጃ ቤት ከሚፈስበት ወገን የሚመጣ ውኃም መጫወቻ አይሆንም። የፕላስቲክ ጫማ ከእግር መለየት የለበትም። በአገሪቱ ደጋማ ክፍሎች ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር መርገጥ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን፣ ትል የማያመጣውን የእግር ዕብጠት እንደሚያስከትል ይታወቃልና ጫማን ከሕፃንነት ማስለመድ ዋጋ አለው።

እውነተኛው እንቅፋት ዝናቡም ብርዱም ሳይሆን የልብስ አጠባው ነው፤ ልብስ በማይደርቅበት ወር ጭቃ በጭቃ የሆነ ልጅ ሲመጣ የምትቆጣ እናት ትክክል ናት። መፍትሔው ለየልጁ አንድ አሮጌ ልብስ ‹የጭቃ ልብስ› ተብሎ ተለይቶ፣ ከግቢ ሲመለስ በራፉ ላይ ወልቆ፣ በየቀኑ ሳይታጠብ ተንጠልጥሎ ነገ ደግሞ መለበሱ ነው። በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ቤተሰቦች የጋራው ግቢ ይህንኑ ያገለግላል፤ እናቶችና አባቶች ተራ ገብተው ልጆቹን ቢጠብቁ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው በሳምንት አንድ ሁለት ረፋድ ነው።

ክረምቱ ሲገባደድ አቆጣጠሩ ራሱ ልጆችን ወደ ውጭ ይጠራል። ነሐሴ 13 በቡሄ ወንዶቹ እየጨፈሩ በየደጁ ይዞራሉ፤ ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ቀን የሚወርደው ዝናብ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ የተባረከ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ክረምቱን ሙሉ ‹ዝናብ እንዳይመታችሁ› ሲሉ የከረሙ ወላጆች በዚያ ቀን ልጆቻቸውን ልብሳቸውን አውልቀው ራሳቸው ወደ ዝናቡ ይልኳቸዋል።