ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለች የሐሩር ክልል ከተማ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ምን ዓይነት አየር ይጠብቀዋል?

ስለ አዲስ አበባ አየር ጠባይ በእንግዶች ዘንድ ሁለት ግምቶች ይሰማሉ። አንደኛው፣ ከተማይቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ዓመቱን ሙሉ ታቃጥላለች የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለብዙ ዓመታት የአገራችን የቱሪዝም መፈክር ከነበረው «የ13 ወር ጸጋ» ከሚለው አባባል የመነጨ ሲሆን፣ ፀሐይ ከዚህ ከተማ ፈጽሞ አትለይም የሚል ነው። በመጀመሪያው ግምት የመጣ ሰው በኅዳር ሌሊት ይንቀጠቀጣል፤ በሁለተኛው የመጣም በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ይቸገራል። ከቆላ አገር ለትምህርት የሚመጡ ጓደኞቻችንም ከዚሁ ችግር አያመልጡም። ስለዚህ የነገሩን ምክንያት በአጭሩ ልንገልጽ እንወዳለን።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። በዚህም የተነሣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር ከአናት በላይ ትውላለች። ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የሩቅ ሰሜን አገሮችን በጋና ክረምት የሚለያየው የፀሐይ ብርሃን ልዩነት በእኛ ዘንድ እጅግ ትንሽ ነው።

ሙቀቱን የሚወስነው ከሁሉ ይልቅ ከፍታው ነው። አየር ወደ ላይ በወጣን መጠን በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ለምሳሌ ድሬዳዋን እንመልከት። ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ከአዲስ አበባ እምብዛም አይለይም፤ ነገር ግን ከፍታዋ 1200 ሜትር አካባቢ በመሆኑ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በ2400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ግን አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ ያህል ነው። አባቶቻችን ይህን ያለ መሣሪያ አውቀው አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ከፍለውታል፤ ከተማይቱም በወይና ደጋና በደጋ ወሰን ላይ ትገኛለች።

ከዚህ አንድ ዋና ነገር ይከተላል። በአዲስ አበባ በጣም ሞቃቱ ወር በጣም ቀዝቃዛውን ወር በአማካይ የሚበልጠው በጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን የአንዱ ቀን ቀትርና ሌሊት በ15 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። ቀን 23 ዲግሪ የነበረው አየር ንጋት ላይ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል፤ አንዳንድ ሌሊትም ከ5 ዲግሪ በታች ይሆናል። ምክንያቱም በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅና ስስ ስለ ሆነ ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ደመና የለም። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለ ሆነ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይወርዳል፤ የማለዳውም ጭስ ከቤቶች በላይ ተኝቶ ይቆያል። በ1911 ዓ.ም. በደረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያነት ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል ይህ በግልጽ ይታያል።

ወቅቶቹን የሚለየው እንግዲህ ዝናም ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የዝናሙ መቀነት ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ይዘንማል። በዓመት ከሚወርደው ከ1100 ሚሊሜትር በላይ ዝናም ውስጥ ከሁለት ሦስተኛው የሚበልጠው በእነዚህ 4 ወራት ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ጠዋት ፈክቶ ይቆይና ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነጎድጓድ ይነሣል፤ በረዶም የሚጥልበት ጊዜ አለ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የቀትሩም ሙቀት ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናም ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስና ደረቅ ስለ ሆነ ሰማዩ ጠርቶ ይሰነብታል። የጥምቀት በዓል በአደባባይ በፀሐይ የሚከበረው በዚህ ወራት ነው፤ በመስቀል ዋዜማ ግን ደመራው በካፊያ ቢርስ የሚያስደንቅ አይደለም።

በስሞቹም ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ፈረንጆች በሐምሌ የበጋ ዕረፍት አለን ሲሉ፣ እኛ ያንኑ ዕረፍት የክረምት ዕረፍት እንለዋለን። በጋ በእነርሱ ዘንድ የሙቀት፣ በእኛ ዘንድ የድርቀት ስም ነው። የበጋ ልብሱን ይዞ በሐምሌ የመጣ እንግዳ የተሳሳተው በዚህ ነው።

ከከፍታው የተነሣ ሌሎችም ነገሮች አሉ። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ አዲስ መጪ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ሲወጣ ቶሎ ይደክመዋል። ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ብርዱና ቃጠሎው በአንድ ቀን ይገኛሉ። በአንጻሩ ብርዱ የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ በከተማይቱ ውስጥ ወባ አይተላለፍም። ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

በከተማይቱም ውስጥ ልዩነት አለ። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ከቦሌ ሜዳ ይልቅ ብርዱ ይበረታል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ለመውረዱ ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ብርድ ነው።

በጠቅላላው፣ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ከወሩ ይልቅ ሰዓቱን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል ማለት እንችላለን። በማናቸውም ወራት ለማለዳና ለማታ ሹራብ ወይም ጋቢ፣ ለቀትር ባርኔጣ ያስፈልገዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጃንጥላና ውሃ የማያስገባ ጫማ ይጨምር። ደረቅና ብሩህ ቀን የሚሻ ከጥቅምት እስከ ጥር ይምጣ፤ የሌሊቱን ብርድ ግን አይርሳ።