ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው

አንድ ጋሼ ከዴን ሃግ ሃይሉክሳቸውን ይዘው ሮተርዳም ደቡብ ወዳለችው ጋራዤ መጡ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፉ በመስኮት «አምስት ሴንቲ ከፍ አድርግልኝ» አሉኝ፤ ማኪያቶ የሚያዙ ነው የሚመስሉት። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ከኋላ ቁጭ ብላለች፤ አይታይህም?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ቁጭ ብላለች።

ሜትሬን አወጣሁ። ብዙ ሰው ከመሬት ይለካል፤ ያ ቁጥር ግን በጎማው ንፋስና በጎማው ማለቅ ይለዋወጣል። እኔ ከቸርኬው መሐል ተነስቼ ቀጥ ብዬ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ነው የምለካው፣ አራቱንም ጎማ። ቦታው ደልዳላ መሆን አለበት። መኪናው ከክሪክ የወረደ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል፤ አለዚያ እግሩ ቦታውን ሳይዝ ትለካና ራስህን ታታልላለህ። ቁጥሩን በጠመኔ እዚያው ፓራፋንጎው ላይ እጽፋለሁ። የጋሼ መኪና ከኋላ በግራ 488፣ በቀኝ 491 ሚሊ ሜትር ወጣ።

ጋሼ ቀለም ቀቢ ናቸው። ካሶኒው ውስጥ ባልዲው፣ ኮምፕሬሰሩ፣ መሰላሉ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የብረት ሳጥን አለ፤ ሁሉም እዚያው ያድራል። «እናውርደው» ስላቸው ቅር አላቸው፤ ቢሆንም አወረድን። ደግሜ ስለካ ግራው 529፣ ቀኙ 531 ሆነ። አራት ሴንቲ ያህል የበላው ሸክሙ ነበር።

ሊፍት ልሸጥልህ የሚል ሰው ይህን ልኬት ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። የኋላ ባሌስትራ የሚመረጠው በሴንቲ አይደለም፣ በኪሎ ነው፤ ባዶ ለሚሄድ አንድ ዓይነት አለ፣ ሁልጊዜ 300 ኪሎ ለሚሸከም ሌላ፣ 500 ለሚሸከም ሌላ። ካርቶኑ ላይ «40 ሚሊ» ተብሎ የተጻፈው ያ ሸክም ካለ ብቻ ነው የሚሠራው። ከአምስተርዳም የመጣ አንድ ልጅ የከባዱን ገዝቶ በባዶ መኪና አስገጥሞ ነበር። ኋላዋ ተሰቅሎ፣ እዚህ በየሰፈሩ ያለውን የፍጥነት ማብረጃ ባለፈ ቁጥር እንደ በቅሎ ትራገጥበታለች። «ወገቤን» እያለ መጣ።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ቢሆን፣ ቁጭ ላለች መኪና መፍትሔው ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል መጨመር ነበር። አልንቀውም፤ ብዙ ቤተሰብ እንጀራ የበላው በዚያ ቅጠል ነው። እኔም እዚያ እያለሁ ጨምሬያለሁ፣ አንዴም አጥፍቻለሁ። በብዙ ሃይሉክስ ላይ ከሻንሲው ወደ ኋላ አክስል የሚወርድ ቀጭን ዘንግ አለ። አክስሉ ለሻንሲው ሲቀርብ ዘንጉ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይለቃል፤ ሲርቅ «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። ባሌስትራውን ከፍ ካደረግክና ዘንጉን ካላስተካከልክ፣ መኪናው እህል ተጭኖም ባዶ መስሎት ይወርዳል። ዘንጉን ሳላስተካክል ቅጠል የጨመርኩለት አንድ ደንበኛዬ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሥራው ሁሉ የፊት ፍሬን ላይ ወደቀና ጎማው ጭስ በጭስ ሆኖ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ዘንጉን ሳላይ ያስረከብኩት መኪና የለም።

ከፊት ያለው ሞላ ነው፤ እሱ ሌላ ጠባይ አለው። ከአራት አምስት ሴንቲ ካለፈ የፊት ሴሚያሶቹ ጆይንት ይጣመማል፣ ጎማው ባንድ ወገን ይበላል፣ አላይመንቱም በነበሩት ክንዶች አልስተካከል ይላል። ጋሼም አምስት ሴንቲ ሲሉ የኋላ ዲፈረንሻሉ አብሮ የሚነሳ መስሏቸው ነበር። አይነሳም። እሱ ያለው አክስሉ ላይ ነው፤ ድንጋይ የሚመታውም እሱ ነው፤ ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። 265/65/17 ጎማ 776 ሚሊ ይቆማል፤ 265/70/17 ደግሞ 803። ግማሹ ነው ለዲፈረንሻሉ የሚደርሰው፣ 13 ሚሊ። ለዚህች 13 ሚሊ ሲባል የፍጥነት ሰዓቱ 80 እያለ መኪናው ወደ 83 ይጠጋል። እርግጥ ሰዓት ከፋብሪካ ሲወጣ ትንሽ አስበልጦ ነው የሚያሳየው፤ ጎማው ያን ትርፍ ይበላዋል። ጋሼ ደግሞ በየቀኑ በኤ13 አውራ ጎዳና ነው የሚመላለሱት፤ ኦቨርስሂ ላይ ወሰኑ 80 ነው፣ ካሜራውም አማካይ ፍጥነት ነው የሚያሰላው።

ደግሞም አገራችን መኪና የሚነካው ከሥሩ ነው፤ እዚህ ከአናቱ ነው። የጋሼ መኪና 1.81 ሜትር፣ በላዩ 5 ሴንቲ፣ የጎማው 13 ሚሊ፣ የመሰላሉ ማሰሪያ 12 ሴንቲ፤ ደመርነው፣ 1.99። ሁለት ሜትር የሚል የማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ አንገት ሰብሮ መግባት ነው። 1.90 የሚሉም አሉ።

«እሺ፣ ምን ሊያደርግልዎ ነው አምስት ሴንቲው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ባሕር ዳር ልወስዳት ነበር እኮ፤ ለወንድሜ ቤት መንገድ» አሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ አይገባም ሲባል ሐሳቡን ተዉት፤ አምስት ሴንቲው ግን አፋቸው ላይ ቀርቷል። እዚህም ቢሆን ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ የሮተርዳም፣ የዴን ሃግና የአምስተርዳም መሐል ለዕቃ መኪና ከጭስ ነፃ ቀጠና ሆኗል፤ የድሮ ናፍጣ በየደረጃው እየወጣ ነው። ይህችን መኪና ስንት ዓመት እንደሚነዷት አልጠየቅኳቸውም።

ለኋላ የ300 ኪሎውን ባሌስትራ አሰርኩ፣ ፊቱን በነበረበት ተውኩት፣ ጎማም አልቀየርኩም። ዘንጉን አስተካከልኩ፣ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር አየሁ፤ ኋላ ሲነሳ የፊት መብራት ወደ መሬት ስለሚያጎነብስ ለአፔካ ምርመራ እንዳይቸገሩ እሱንም ለካሁ። ሸክማቸውን መልሰን ጭነን ስለካ 524 እና 526።

«ስንት ከፍ አለች?» አሉኝ።

«ሦስት ሴንቲ ተኩል፣ ከነኮምፕሬሰሩ።»

ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተው እንዲመለሱ ነገርኳቸው፤ አዲስ ባሌስትራ ይረጋል፣ የዩ ቦልቱ ዳዶም ይላላል። በቀጠሯቸው መጡ። ዳዶውን አጠበቅኩና ለካሁ፤ 6 ሚሊ ወርዷል። የጠመኔው ጽሑፍ አሁንም ፓራፋንጎው ላይ አለ፤ ዝናብ ግማሹን አጥቦት፣ የቀረውን ጋሼ በነጭ ቀለም አድምቀውታል።