የባሕርን ውሃ በፀሐይ ሙቀት ለመጠጥ ማድረስ

ከምድራችን ገጽ ከመቶ 70 እጅ የሚበልጠው በውቅያኖስና በባሕር የተሸፈነ ነው። ይሁን እንጂ በምፅዋ፣ በጅቡቲ ወይም በሞምባሳ ጠረፍ የቆመ ሰው ከዚያ ሁሉ ውሃ አንድ ብርጭቆ እንኳ ጠጥቶ ጥሙን ሊያረካ አይችልም። ለምን ይሆን?

አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። የቀይ ባሕር ደግሞ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። ኩላሊታችን ይህን ጨው ከሰውነት ለማስወገድ፣ ከጠጣነው የበለጠ ውሃ በሽንት ማውጣት አለበት። ስለዚህ የባሕር ውሃ የጠጣ ሰው ጥሙ ይብስበታል፤ ሰውነቱም ይደርቃል።

«ብናፈላውስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲቀንስ ጨው ድስቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ የቀረው ውሃ ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል። የሟሟ ጨው በጨርቅ ቢጠለልም አይወጣም።

መፍትሔው ያለው በሚተነው ውሃ ላይ ነው፤ እንፋሎት ጨው ይዞ አይሄድም። በአፋር፣ በአፍዴራ ሐይቅ ዳር፣ ጨው አምራቾች ጨዋማውን ውሃ ሰፊ ኩሬ ውስጥ ያስተኙታል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ጨው ይቀራል። እነርሱ የሚፈልጉት ጨውን ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ውሃውን ስለሆነ፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ መያዝ አለብን።

መሣሪያው ቀላል ነው። ወለሉ ጥቁር የሆነ፣ ጥልቀት የሌለው ገንዳ ይሠራና ጨዋማ ውሃ ይጨመርበታል። ጥቁር ቀለም ሙቀትን በደንብ ይስባል። ገንዳው ዘንበል ባለ መስታወት ይከደናል። እንፋሎቱ ቀዝቀዝ ያለውን መስታወት ሲነካ፣ በድስት ክዳን ላይ እንደምናየው፣ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው በመስታወቱ ቁልቁል ወርዶ በቦይ ወደ ንጹሕ ዕቃ ይገባል። የተጠራቀመው ጨው በየጊዜው መታጠብ አለበት።

በማገዶስ አይቻልም? ይቻላል፤ ግን አንድን ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ማትነን፣ ያንኑ ውሃ ለማፍላት ብቻ ከሚያስፈልገው ሙቀት ከስድስት እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ እንጨት ማን ተሸክሞ ይዘልቀዋል? ፀሐይ ግን ሙቀቷን በነጻ ትሰጣለች።

ዘዴው በተግባር ከዋለ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ቻርልስ ዊልሰን የተባለ መሐንዲስ በደቡብ አሜሪካ፣ በቺሌ በረሃ፣ ላስ ሳሊናስ በተባለ የማዕድን ሥፍራ ትልቅ የፀሐይ ማጣሪያ ሠራ። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ከባሕር ይበልጥ ጨዋማ ነበር። ከ4,400 ካሬ ሜትር በላይ የሆነው መስታወት በቀን ከ20,000 ሊትር በላይ ንጹሕ ውሃ ያስገኝ ነበር። ማጣሪያው ለ40 ዓመት ያህል አገልግሏል።

ወላጆች ሆይ! ከዚህ ዘዴ ብዙ አንጠብቅ። አንድ ካሬ ሜትር ገንዳ በጥሩ ፀሐይ በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ይህ ለአንድ ሰው መጠጥ ይበቃል፤ ለልብስ አጠባ ግን አይሆንም። ጨዋማ ለሆነ የጉድጓድ ውሃም ያገለግላል። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም የተባይ መድኃኒት የነካውን ውሃ ግን በዚህ መንገድ አጣርታችሁ አትጠጡ፤ እነዚህ ከውሃው ጋር አብረው ሊተኑ ይችላሉ።

ሙከራ፦ በሰፊ ሳህን ጥቂት ውሃና ጨው በጥብጡ። ባዶ ስኒ መሐሉ አስቀምጡ። ሳህኑን በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ዙሪያውን እሰሩ፤ ከስኒው ትይዩ ፕላስቲኩ ላይ ትንሽ ጠጠር አድርጉ። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ አቆዩት።

ጥያቄዎች፦
1. ስኒው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ጣዕሙ ምን ይመስላል?
2. ጨው የት ቀረ?
3. ጠጠሩ ለምን አስፈለገ?