የቤት ስም እና የአስጎብኚ ቃል

ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የሚገኘው ካዛንችስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው፣ «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ከነበሩ የመኖሪያ ቤቶች ሲሆን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች በብዛት ቢፈርሱም ስሙ ከአፍ አልወረደም። ከዚህ ሰፈር እንግዳ ይዞ ወደ ሐረር የሚወርድ አስጎብኚ የሚገጥመው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ በጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ «የራምቦ ቤት» የሚባለው ባለ ፎቅ ቤት እንደ ቆመ ነው፣ ስሙ ግን ያልኖረበት ሰው ስም ነው።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም ከተወ በኋላ የአንድ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ፤ በቡና፣ በቆዳና በዝሆን ጥርስ ንግድ ሲመላለስ ኖሮም በ1891 ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደና በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ቤቱን ከእርሱ ሞት በኋላ ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ አሠራሩም ከ1887 ወዲህ ወደ ከተማዋ የገባውና «የህንድ ቤት» የሚባለው፣ «ጌይ ጋር» ከሚባለው የሐረሪዎች ነባር ቤት በፎቁና በሰገነቱ የሚለየው ዓይነት ነው።

እንግዳው ባለቅኔው የኖረበትን ክፍልና የአትክልት ቦታውን መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ታማኙ መልስ ያለው ራምቦ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 ራሱን ባነሳቸው ፎቶግራፎች ላይ ነው፤ በአንዱ ቡና መካከል፣ በሌላው እጆቹን አጣምሮ ሙዝ መካከል ቆሟል፣ ምስሉም በታጠበበት ውሃ መጥፎነት ነጥቶ ፊቱ በቅጡ አይለይም። ሰውየውን ከሐረር አፈር ጋር ከሚያገናኙት ማስረጃዎች አንዱ ይህ የነጣ ምስል ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ አስጎብኚ እውነቱን በር ላይ ተናግሮ ነው እንግዳውን ደረጃ የሚያስወጣው። የጣሪያው ሥዕል፣ ባለ ቀለም የመስኮት መስታወቱ፣ ከላይ የሚታየው የጁገል ጣራና የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች ያን ጊዜ በራሳቸው ዋጋ ይታያሉ፤ ካዛንችስ ቤቶቹን በስሙ ሲያስታውስ፣ ይህ ቤት ግን ያሠራውን ነጋዴ የሚያስታውሰው አስጎብኚው ሲያነሳው ነው።