ህግ የማይቀጣው ሁሉ ሐላል ነውን?



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። የዛሬው ርዕሳችን ወጣቶች የሚያነሱት ጥያቄ ነው። «ፈረንጆቹ አእምሮን የሚለውጡ ዕፆችን እየፈቀዱ ነው። በኃላፊነት ከተጠቀሙባቸው ምን ችግር አለው?» ይላሉ።

በመጀመሪያ ነገሩን አጥርተን እንወቅ። ሳይኬደሊክ የሚባሉት የሌለውን የሚያሳዩ፣ ስሜትንና ሐሳብን የሚለውጡ ዕፆች ናቸው። ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች የሚገኘው ሲሎሳይቢን አንዱ ነው። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ሌላ መድኃኒት ላልረዳው የመንፈስ ጭንቀት እንዲታዘዝ ፈቅዳለች። የሚያዘው ግን ፈቃድ ያለው የአእምሮ ሐኪም ብቻ ነው። በአሜሪካ የኦሬጎን ግዛት ለራስ መጠቀሚያ ጥቂት ዕፅ መያዝ ከ2021 ጀምሮ ወንጀል መሆኑ ቀርቶ ነበር። በ2024 ግዛቱ ሐሳቡን ለውጦ እንደገና ወንጀል አደረገው። ስለዚህ «ዓለም ፈቀደው» የሚለው ወሬ ሙሉ እውነት አይደለም። በአገራችንም የ1996 ዓ.ም የወንጀል ህግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ማዘዋወርንም መጠቀምንም ይቀጣል።

ህግ ያልከለከለው ነገር «በኃላፊነት» ሲያዝ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ባህር መሻገር አያስፈልገንም። ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ጫት በየመንገዱ ይሸጣል። ጫት እንደ እንጉዳዩ የሌለውን የሚያሳይ ሳይሆን የሚያነቃቃ ቅጠል ነው። ሆኖም በውስጡ ያለው ካቲኖን በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ተደርጎበታል፤ ቅጠሉ ግን በዝርዝሩ የለም። ሆላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ቅጠሉንም ከለከሉ። በእኛ አገር ህጋዊ ነው፤ ወደ ውጭም ይላካል።

የወሎ አባቶች በወዳጃ ሲቅሙ ሰዓት ነበረው፣ ዱዓ ነበረው፣ መሪ ሽማግሌ ነበረው። ስለዚያ ልማድ ሸሪዓዊ ብይን መነጋገር ሌላ ርዕስ ነው። ዛሬ ግን ሽማግሌውም ዱዓውም ቀርቶ ቅጠሉ ብቻ ቀርቷል። ልጁ ዓስርን ያሳልፋል፤ ሌሊቱን ሳይተኛ አንግቶ ፈጅር ሲደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ «ጨብሲ» ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል። ህግ ያልከለከለው ነገር ጥርጥር ወደሌለበት ሐራም በር ከፈተለት ማለት ነው።

ዑለሞቻችን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። ሐሺሽ በቁርኣን በስሙ አልተጠቀሰም። ሆኖም እንደ ኢብኑ ተይሚያ ያሉ ሊቃውንት ስሙን ሳይሆን በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን አይተው ሐራም ነው አሉ። ጫትን በተመለከተ ኢብኑ ሐጀር አልሀይተሚይ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። የሚቅሙት ሰዎች ምስክርነት ስለተለያየባቸው ቁርጥ ያለ ብይን ከመስጠት ተቆጠቡ፤ መራቁ ግን እንደሚሻል መከሩ። ለሕክምናም ፉቀሃዎች መንገድ አልዘጉም። አካል ሲቆረጥ ሕመምተኛውን በበንጅ ማደንዘዝን የፈቀዱ አሉ። ይህ ግን ለችግር ጊዜ ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም። ቁርኣንም በአልበቀራ ምዕራፍ ስለ ኸምር ሲናገር ጥቅም እንዳለው አልካደም። ኃጢኣቱ ግን ከጥቅሙ እንደሚበልጥ አስተማረን።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን አናምታታ። «መንግሥት ተጠቃሚውን ይሰር ወይስ ያሳክም?» የሚለው የፖለቲካና የሕክምና ክርክር ነው፤ ብዙ ሐሳብ ያስተናግዳል። «እኔ አእምሮዬን ላጠፋው ይፈቀድልኛል?» የሚለው ግን በአላህ ፊት የምንጠየቅበት ነው። አእምሮ ሸሪዓ እንዲጠበቁ ካዘዛቸው አምስቱ ነገሮች አንዱ ነውና።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ በዕፅ ከተያዘ ከቤት አታባሩት፤ ደጅ የሚቀበለው ያው የያዘው ነገር ነው። «ጂን ነው» ብላችሁም ብቻ አትቀመጡ። ሩቃም ዱዓም አድርጉለት፤ ሐኪም ቤትም ውሰዱት። እንቅልፍ ካጣ፣ ሰው ሁሉ ያሳድደኛል ካለ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ አትዘግዩ። ወንጀሉን መጥላት ሌላ፣ የታመመውን መጣል ሌላ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) አእምሯችንንም ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።